በአሥራ አራት ቁጥር በር ላይ

ፔሊካን ማረፊያ፣ ቴክሳስ
ጃንዋሪ 9፣ 1992

ውዷ ዶርዲ፣

የተሰበረው ዳሌሽ እንዴት ሆነ? ክንድሽስ? በአንድ ቀን፣ በአንድ በረዶ ላይ ሁለቱንም መስበር ካንቺ በቀር ማን ይችላል? አንቺ አንዴ ከጀመርሽ ግማሽ አታውቂም። እኔ ደህና ነኝ። ዊልበር ከሞተ በኋላ ቤታችንን ሸጬ ክረምት ከበጋ እዚሁ ባሕር ዳር ከተቀመጥኩ ወዲህ ጉልበቴም ዝም ብሎኛል።

የጠየቅሽኝን ላስቀድም። ባልሽ ሃልቨር በሰላም ገብቷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ተጎታች ቤቱን አሥራ አራት ቁጥር ላይ፣ እዚሁ ከኔ አጠገብ፣ ለማቆም አራት ጊዜ ወደ ኋላ አራት ጊዜ ወደ ፊት አለና በመጨረሻ የውሃ ቧንቧውን ገጭቶ ቆመ። ምን ያድርግ፤ ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ ብርዱን ሸሽታችሁ ስትመጡ አንቺ ከኋላ ቆመሽ እጅሽን እያወዛወዝሽለት ነው ያቆመው። የተጎታች ቤቶቹ ሰፈር ኃላፊ ሬይፎርድ ቧንቧውን ሲጠግን እኛ ወንበር አውጥተን ተመለከትነው። ይበላል ወይ ላልሽው፣ ይበላል፤ ጠዋትም ማታም የተጠበሰ ሽሪምፕ ነው። አትክልት የሚባል ነገር ቤቱ ሲገባ አላየሁም። ሌላ ነገር ከነገረሽ ዋሽቶሻል።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ባለፈው ኤፕሪል እናንተ ወደ ሚኒሶታ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የነበረው የካንሳሱ ሰውዬ ሞቶ በአራተኛው ቀን ተገኘ። ግራና ቀኙ ሰው ሞልቶ አራት ቀን። ሁላችንም አፈርን። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ሁሉ ጠዋት ሲነሳ ቀይ ጨርቅ በበሩ እጀታ ላይ ያስራል፣ ሲመሽ ያወርዳል። እስከ ሦስት ሰዓት ጨርቅ ካልታየ በሩ ይንኳኳል። መልስ ከሌለ ሬይፎርድ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። የጠዋቱን ዙር የምዞረው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሰባት በር ነው። ዘንድሮ ያላንቺ ስለመጣ ሃልቨር አሥራ ስምንተኛ ሆነ ማለት ነው።

ደንቡን ስነግረው ሳቀ። መነሻ ሰዓቱ ላይ ግን ተጣላን። «ሃምሳ ዓመት ላሞቼ በሌሊት ቀስቅሰውኛል፤ ላሞቹን ሸጬ ስገላገል ደግሞ ጨርቅ ሊቀሰቅሰኝ ነው?» አለኝ። እሱ እስከ አራት ሰዓት ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንኳኳለሁ። ሰኞ አንኳኳሁ፣ ማክሰኞ አንኳኳሁ። ትናንት በውስጥ ሱሪው በሩን ከፍቶ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እያዩ፣ «ቨርና፣ ሞቻለሁ፤ በቃ ሂጂ» ብሎ ዘጋብኝ።

እንግዲህ ይህን ሰውዬ ምን እንደማደርገው አንቺው ንገሪኝ። ስልክ ላይ ጆሮሽ እንደማይሰማ ስለማውቅ ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ።

ቨርና


ፔሊካን ማረፊያ
ጃንዋሪ 27

ዶርዲዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የሲግኒ፣ ቁጣው ያንቺ። ልጅሽ ያልሻትን ሁሉ አንድም ሳትቀንስ ጽፋለች፤ ስለ ድመቷ ሦስት ጊዜ የነገርሽኝን እንኳ ሦስቱንም ጊዜ ጽፋዋለች። ዳር ላይ ደግሞ በትናንሽ ፊደል «እማዬ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጣ ነው» ብላ አክላበታለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ክኒን ለኔም ላኪልኝ።

መጨረሻ ላይ ያልሽኝን በተመለከተ ሐሳብ አይግባሽ። ቀላል ነገር ነው። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ጀምሬዋለሁ፤ እሱም ደስ ብሎታል፣ እኔም ከሞተ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ቀርቶልኛል።

ስለ ጤናው ምን እጽፍልሻለሁ? ከንፈሩ በፀሐይ ተልጧል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ዶሚኖ ላይ ያጭበረብራል። ከሬይፎርድ ጋር በዶሚኖ ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይኳረፋሉ፣ ሁለት ጊዜ ይታረቃሉ። ቀኑን ከእንጨቱ ድልድይ ላይ መንጠቆ ጥሎ ይውላል፤ ከሚይዘው ዓሣ ግማሹን ፔሊካን ወፎቹ ይወስዱበታል፣ እሱ ግን ሰጠኋቸው ነው የሚለው። ሐሙስ ሐሙስ ሁላችንም ምሳችንን ይዘን ወጥተን አብረን የምንበላውን ታውቂ የለ? የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ለሰፈሩ ሁሉ ዓሣ እጠብሳለሁ ብሎ ምሏል። ዱቄትና መጥበሻ ከየቤቱ መሰብሰብ ጀምሯል። የኔን ትልቁን መጥበሻ ወስዶታል፤ ካልመለሰው በአንቺ ላይ ይቆጠራል።

እዚህ የመስኮት መጋረጃ ሲከፈት ፀሐይ ነው፣ እናንተ ጋ በረዶና አካፋ እንደሆነ አውቃለሁ። ቶሎ ዳኚና ነይ። ያላንቺ እሱ የሚታዘዘው የለም፣ እኔም አብራኝ ሰው የምታማ የለችኝም።

ቨርና


ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 24

ቨርና፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ከከፋብሽ ታገሺኝ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ጽሕፈት ያስተማርኩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መላኬ ያሳፍረኛል። ሲግኒን ጻፊልኝ አላልኳትም፤ ስለ ሃልቨር ስጠይቃት ሥራ አለኝ ብላ ከክፍሉ ትወጣለች።

ሃልቨር ገና አልተቀበረም። እዚህ መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ስለጠጠረ መቃብር የሚቆፈረው በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ እስከዚያ በመካነ መቃብሩ መግቢያ ላይ ባለችው የድንጋይ ቤት ውስጥ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ይጠብቃል። ከመኪናው መስኮት በሯን አየኋት። ሰው የሚኖርባት ይመስል ቁጥር ተለጥፎባታል።

ስለ አበባው አመሰግናለሁ። የላክሽው ወረቀት ግን በጣም አጭር ነበር። «ሃልቨርን አጣነው፤ ይቅር በይኝ» ብለሽ ቆምሽ። ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐኪሙ ለሲግኒ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከወደቀ ከአርባ ሰዓት ያህል በኋላ ነው የተገኘው ብሏታል። አርባ ሰዓት ስንት እንደሆነ በጣቴ ቆጠርኩት። ማክሰኞ ማታ፣ ረቡዕ ሙሉውን፣ ሐሙስ እስከ ምሳ። እንደገና ቆጠርኩት፤ ያው ነው። በእሱ በርና በአንቺ በር መካከል አሥር እርምጃ የለም።

ጃንዋሪን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው፤ ደብዳቤዎችሽን ግን ደግሜ አንብቤያቸዋለሁ። አሥራ ሰባት በር እዞራለሁ፣ ሃልቨር አሥራ ስምንተኛ ነው ያልሽው እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በሁለተኛው ላይ «መጨረሻ ላይ ያልሽኝ» የምትይው ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እሱንም ንገሪኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ጻፊልኝ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጨርቁ የት ነበር?

ዶርዲ


ፔሊካን ማረፊያ
ማርች 4

ዶርዲ፣

ጨርቁ በሩ ላይ ነበር። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

እንዳይቀሰቀስ ብዬ ነው። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ፣ ዙር ስጀምር የእሱን ጨርቅ ከታዛው ሥር ካለው ወንበር ላይ አንስቼ እጀታው ላይ አስርለት ነበር። ማታ እሱ ያወርድና ወንበሩ ላይ ይጥለዋል። በዚህ ተስማማን። ሁለታችንም እንደ ቀልድ ነው የያዝነው። ጨርቁ ምን ማለት እንደሆነ ረሳሁት፤ ይህን የምጽፍልሽ ደንቡን ያወጣሁት ሴትዮ ነኝ።

ማክሰኞ ማታ እንደ ልማዱ አውርዶ ገባ። ወዲያው ሳይወድቅ አይቀርም፤ እራቱ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ነበር፣ እሳቱ አልተለኮሰም። ረቡዕ ጠዋት ጨርቁን ከወንበሩ አንስቼ አሰርኩና አለፍኩ። ማታ አልወረደም። ለዶሚኖም አልመጣም፤ ከሬይፎርድ ጋር ተኳርፈው ስለነበር ዛሬም አኩርፏል ተባባልን።

ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው እመርጥ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ጨርቁ ታስሮ አገኘሁት። ትናንት ራሴ ያሰርኩት እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ሰውየው ዛሬ ቀድሞኝ ተነሳ ብዬ ሳቅኩ፣ ዶርዲ። በሩ ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ የጋራው መታጠቢያ ቤት ሄጄ ለሴቶቹ ሁሉ ሃልቨር ዛሬ ከኔ በፊት ነቃ ብዬ አወራሁ። እነሱም ሳቁ።

ቀትር ላይ ጠረጴዛው ተዘርግቶ ዓሣው ሲጠበቅ አልመጣም። ሳህን በእጄ ይዤ ልቀልድበት ሄድኩ። ማክሰኞ የያዘው ዓሣ ታዛው ሥር ባልዲ ውስጥ ነበር፤ ሽታው የመጣልኝ ያኔ ነው። ሬይፎርድ ቁልፉን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ እስኪሞት ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም፤ ይህን የምጽፈው እንዲቆጠርልኝ አይደለም።

ሌላም አለ። በጃንዋሪ መጨረሻ ዶሚኖው ሁለት ጊዜ ከቀኝ እጁ ሲወድቅ አይቻለሁ። ለዶርዲ እንዳትጽፊ ስላለኝ ስለ ከንፈሩና ስለ ሆዱ ጻፍኩልሽ።

መጨረሻ ላይ ያልሽኝ ነገር ስለ አትክልት ነበር። ብላ እያልኩ እንዳልጨቀጭቀው ነው የነገርሽኝ። ሌላ ነገር የለውም።

ቨርና


ሚኒሶታ
ማርች 16

ቨርና፣

ደብዳቤሽ የደረሰው ጠዋት ነው። ሲግኒ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ካፖርቴንም አላወለቅኩም፣ ምሳም አልበላሁም።

ደጋግሜ አነበብኩት፣ አሁንም አልገባኝም። ይህ ሰው በሕይወት አለ የሚል ምልክት፣ ሰውየውን ሳታዪ፣ በገዛ እጅሽ ሰቀልሽ። አንድ ቀን አይደለም፤ በየቀኑ። እኔ በሌለሁበት ካንቺ በቀር የሚያየው አልነበረም። ሃያ ሁለት ክረምት ጎረቤቴ ነበርሽ። ዊልበር ሲሞት በዚያች ጠባብ ቤታችን ስድስት ሳምንት ከኛ ጋር አደርሽ፤ ሃልቨር አልጋውን ላንቺ ለቆ መሬት ላይ ተኛ። የዚህን ሰው በር አንድ ጊዜ መምታት እንዴት ከበደሽ?

ሳቅሽን አውቀዋለሁ። ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ትመልሺልኛለሽ፣ ከዚያ በኋላ እንዳትጽፊልኝ። በሩ ሲከፈት ዓይኑ ክፍት ነበር? ስትስቂ ሰምቶሽ ነበር?

ተጎታች ቤቱን ሬይፎርድ ይሽጠው። ያንን ጨርቅ አቃጥሉት።

ዶርዲ


ፔሊካን ማረፊያ
ማርች 25

ዶርዲ፣

ክፍት ነበር። ከምድጃው እስከ በሩ ድረስ ተስቦ መጥቶ ነበር፤ ግራ እጁ በሩ ሥር ነበር። መናገር አይችልም ነበር፤ ግን አየኝ። ስስቅ ሰምቶኝ እንደነበር አምናለሁ። እንዲህ አይደለም ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አንስቼ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ዙሩን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ስለ ቤቱ ለሬይፎርድ ነግሬዋለሁ። እንዳልሽው ከእንግዲህ አልጽፍም።

ቨርና


ሚኒሶታ
ሴፕቴምበር 21

ቨርና፣

አትጻፊልኝ ያልኩሽ እኔ፣ ይኸው ጻፍኩልሽ። ክንዴ ድኗል፤ በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ስለ ሃልቨር አነሱብኝ፣ እኔም ስላንቺ ነገርኳቸው። ስድስት ወር ሙሉ በዚህ በር ለገባ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ በዚህ ከተማ ስምሽን የማያውቅ የለም። ገዳይ ብዬሻለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ሲግኒ ጥግ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አልችልም። ጨርቁን ስቀይለት ያልሻት አንቺ ነሽ። በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

አላመንኳትም። ውሸታም አልኳት፣ የአርባ ዓመት ልጄን። እሷ ግን ክኒኑን ውጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስለ ድመቷ ሳወራ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ያልኩትን ቃል በቃል ነገረችኝ። «ሰውየው ይተኛበት። ጨርቁን አንቺው ስቀይለትና ሁላችሁም ዕረፉ።» የኔው አነጋገር ነው። የተጣሉ ተማሪዎችን ሳስታርቅ እንዲህ ነበር የምናገረው። እሷ ስትለው የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ግን አላስታውሰውም፣ ቨርና። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቀን ፈለግኩት፤ የለም። ባሌን የገደለ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቷል፣ እኔ ግን አላውቀውም።

ሃልቨር ሊሞት ሲል እዚያ በመጣች ጊዜ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንዳትነግሪያት ብለሽ እንዳስማልሻት ሲግኒ ነግራኛለች። ለኔ ደግሞ ስለ አትክልት ነበር ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም አመንኩሽና ገዳይ አልኩሽ።

ለምን ዝም አልሽ? አንድ መስመር ትበቃ ነበር። ያንን ደብዳቤ ላኪልኝ፤ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ዶርዲ


ፔሊካን ማረፊያ
ኦክቶበር 2

ዶርዲዬ፣

ደብዳቤው የለም። ሐሙስ ዕለት አምቡላንሱን ተከትለን ከመሄዳችን በፊት ቤቴ ገብቼ ምድጃው ላይ አቃጠልኩት። ሬይፎርድ መኪናውን አስነስቶ ነይ እንጂ እያለ ይጮህብኝ ነበር። ሃልቨር ይዳን አይዳን እንኳ አላውቅም ነበር። ያንን ወረቀት አንቺ እንዳታዪው ብቻ ነው ያሰብኩት።

ለምን ዝም አልሽ ላልሽኝ፣ ደግ ሆኜ አይደለም። አጥንትሽ ተሰብሮ በረዶ ውስጥ ተቀምጠሻል፣ ባልሽ የድንጋይ ቤት ውስጥ ተራ ይጠብቃል፤ በዚያ ላይ ይህን መጨመር አልቻልኩም። የምትጠዪው ሰው ያስፈልግሽ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቅርብ ነበርኩ። ደግሞም አልተሳሳትሽም። ስቀይ ብትይኝም የሰቀለው እጅ የኔ ነው። አንቺ በክኒን ደንዝዘሽ ነው ያልሽው፤ እኔ ግን ነቅቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ነው የሰቀልኩት። ሐሙስ ዕለት ሳቂ ብለሽም አልጻፍሽልኝም። እሱ የኔ ነው፤ ልካፈልሽ ብለሽ አትሞክሪ።

እውነቱን ከተነጋገርን ግን የጠላሁሽ ጊዜም ነበር። በጁላይ። ሙቀቱ በርትቶ፣ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ፣ በተዘጋው አሥራ አራት ቁጥር ፊት ወንበር አውጥቼ ይህን ሁሉ የምሸከመው ለዚያች ሴትዮ ነው ብዬ ሰድቤሻለሁ። ጮክ ብዬ ነው። ከፔሊካኖቹ በቀር የሰማ የለም። ስለዚህ ስለ ስድቡ እኩል ነን።

ሌላ የምነግርሽ አለኝ። ተጎታች ቤታችሁ አልተሸጠም። ገዢ በመጣ ቁጥር ወጥቼ ጣሪያው ያፈሳል እላቸዋለሁ። ሬይፎርድ ምን ሆነሽ ነው ብሎ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። ጨርቁንም አላቃጠልኩትም፤ አጥቤ ከምድጃችሁ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የወሰደብኝን መጥበሻም ከዚያ አላወጣሁትም።

ነይ አልልሽም፣ ያንን የማለት አፍ የለኝም። ከመጣሽ ግን ብቻሽን ስለምታድሪ ደንቡ ይመለከትሻል። ጨርቁን ራስሽ ትሰቅያለሽ። እኔ ለማንም አልሰቅልም፣ ዙርም አልዞርም።

ቨርና


አሥራ አራት ቁጥር
ኖቬምበር 22፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል

ቨርና፣

ትናንት ስንገባ መጋረጃሽ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። አንቺ አልወጣሽም፣ እኔም አልመጣሁም። ሲግኒ አሁን ሄደች፤ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ጣሪያው አያፈስም።

የበሩን ሥር ከውስጥ በኩል አየሁት። እዚያ ጋ መሬት ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ መሳቢያውን ከፈትኩና ጨርቁን ራሴ ሰቀልኩት። ይህችን ወረቀት አብሬ አስሬያታለሁ፤ ዙር ባትዞሪም ወደ መታጠቢያ ቤት የምታልፊው በዚህ በኩል ነው። መጥበሻሽም ታጥቦ ይጠብቅሻል።

ነቅቻለሁ። ቢሆንም አንኳኪ።

ዶርዲ